ግራዝማች ያላጨደው ገብስ

ሰውየው ገና የሳሎኑን በር ሳያልፍ ሽታው ቀድሞት ገባ። የክትክታ ሽታ ነው፤ ቅጠሉ በእጅ ሲታሽ ወይም በእግር ሲረገጥ የሚወጣው፣ ትንሽ ሙጫ ሙጫ ትንሽ መድኃኒት መድኃኒት የሚል፣ አንዴ ልብስ ላይ ከወጣ ቶሎ የማይለቅ። አሰላ ከተማ መሃል፣ ባጃጅ ከንጋት እስከ ምሽት በሚጮህበት ሰፈር፣ በልጄ ቤት ውስጥ ክትክታ ምን ይሠራል ብዬ ቀና ስል፣ ጸጉሩን በወጉ የተቆረጠ ጎልማሳ ብርድ ልብስና የጁስ ካርቶን ታቅፎ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል። ሱሪው ከጉልበቱ በታች ጭጎጎት በጭጎጎት ነው። ጫማው ላይ ያለው ደግሞ የከተማ አቧራ ሳይሆን ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ የምንጭ ዳር ጭቃ ነው። ያን ጭቃ አውቀዋለሁ፤ በልጅነቴ በእግሬ ጣቶች መካከል እየተሹለከለከ የሚያስቀኝ ጭቃ ነው። ስሙን ሳይነግረኝ ከየት እንደመጣ አወቅሁ፤ ስሙን ሲነግረኝ ደግሞ የማን እንደሆነ አወቅሁ።

«እማማ አስካለ፣ ሄኖክ እባላለሁ። የግራዝማች ዘውዴ የልጅ ልጅ ነኝ።»

«ተቀመጥ» አልኩት። ጠላትም ቢሆን ከቤት ከገባ ይቀመጣል፤ ይህ የእናቴ ሕግ ነው። በሶ በጥብጬ ሰጠሁት። ስኳሩ እዚያው ከጎኔ እያለ ግን አልጨመርኩለትም።

የመጣበትን ጉዳይ በትሕትና ነገረኝ። ከሳጉሬ ወደ ጭላሎ ተራራ ሲወጣ በሚገኘው፣ የአያቱ በነበረው መሬት ላይ የቢራ ገብስ ሊዘራ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ጠይቋል። ቦታው ዛሬ ዱር ስለሆነ ቀበሌው አንድ ነገር ማወቅ ፈልጓል፤ ከጥንት ጀምሮ ደን ከሆነ መጥረቢያ አይነካውም፤ እርሻ የነበረና ጦም አድሮ ዱር የሆነ ከሆነ ግን ሊፈቀድለት ይችላል። ይህን የሚያውቅ አረጋዊ ቢፈልግ አብዛኞቹ መቃብር ገብተዋል፤ የቀሩት ደግሞ ሁሉም «አስካለን ጠይቅ» ብለውታል።

«ሐሰት ተናገሩልኝ አልልዎትም እማማ» አለኝ በሶውን በግድ እየዋጠ። «እርሻ ነበር ወይስ አልነበረም? እውነቱን ብቻ ነው የምጠይቅዎት።»

የጎዳችኝ ይህች ናት። ቢዋሸኝ ወይም ሊያባብለኝ ቢሞክር ብርድ ልብሱን አስታቅፌ በሩን አሳየው ነበር። እሱ ግን እውነት ጠየቀኝ፤ እውነቱ ደግሞ እስከ ግማሹ ድረስ ከሱ ጋር ነው። እኔ በዕድሜዬ በእድርም በፍርድ ቤትም በሐሰት መስክሬ የማላውቅ፣ እህል ሻጭ ሚዛን ብታጎድል ገበያ የማስቆም፣ የልጅ ልጆቼ ከረሜላ ሲካፈሉ እንኳ «አያታችን እንዳትመጣብን» እየተባባሉ የሚደበቁኝ ሴት ነኝ። ቦታው ላይ የምንገናኝበትን ቀን ተነጋገርንና ሄደ። ስለ አያቱ አለንጋ አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ እንደማያውቅ ፊቱ ያስታውቃል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ የወጋው ሰው የልጅ ልጅማ ጭራሹን አልሰማም። እኔም ምንጣፉ ላይ ያራገፈውን ጭጎጎት እየለቀምኩ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ልጄ ከሥራ ስትመለስም እዚያው አገኘችኝ።

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቤታችን ከዱሩ ጫፍ ነበር፤ በስተጀርባ ደኑ፣ በስተፊት መስኩ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ከአንድ ትልቅ ዝግባ ሥር የምትወጣ ምንጭ። ከክረምት በኋላ መስኩ ላይ ማገጥ ያብባል፤ ላማችን ዳለቻ እስክትነፋ ትበላለች፤ እኛ ልጆች ደግሞ ከደኑ ዳር ኮሽም እንለቅማለን፣ እንጆሪ እንለቅማለን፣ ቀጋ እንበላለን። የቀጋን ፍሬ የሚያውቅ ያውቃል፤ ሥጋው ይጣፍጣል፣ በውስጡ ያለው ፀጉር ግን በገባበት ያሳክካል፣ በወጣበትም ያሳክካል፤ ስለዚህ ማን ሰርቆ እንደበላ ለማወቅ እናቶቻችን ጥያቄ መጠየቅ አያስፈልጋቸውም፣ በማግሥቱ ሲቀመጥ ማየት ብቻ ነው። ከዝግባው ጫፍ ጉሬዛዎች ነጭ ካባቸውን ለብሰው እንደ ደብር አለቃ ቁልቁል ያዩናል። የዝግባው ግንድ እጅ ለእጅ ተያይዘን የምንዞረው ነበር፤ እኔ፣ ወንድሞቼና የአዴ ፋጡማ ልጆች ሁሉ ተጋግዘን። በኦሮምኛ ተሰዳድበን በአማርኛ እንታረቃለን፤ አንዳንዴም ተቃራኒው።

አዴ ፋጡማ ጎረቤታችን ነበረች፤ አዴ በኦሮምኛ እንደ እማማ ያለ ነው። ቤቷ ከምንጩ ማዶ ነበር፤ ቁመቷ ረዥም፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ፣ ወተት ስትቀዳልኝ እስኪፈስ የምትቀዳ ሴት። መሬቱ ከመጀመሪያው የአዴ ፋጡማ ወገኖች ነበር። የኔ ቅድመ አያት ከሸዋ ጠመንጃ ይዘው ከመጡት አንዱ ናቸው፤ የግራዝማች ዘውዴም ቅድመ አያት እንደዚሁ፤ ለግራዝማች ወገን ብዙ መሬት፣ ለኛ ጥቂት መሬት ደረሰ፤ የሰጠውም የተቀበለውም «የማን ነበር?» ብሎ አልጠየቀም። ይህን የምናገረው ወገኖቼን ለማሳፈር አይደለም፤ እውነት ተናገሪ ከተባልኩ ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው።

ግራዝማች ዘውዴ ከኮረብታው ላይ ባለ ሰገነት ቤት ነበረው። ልጆቼ «የሞተ ሰው ነው፣ አንቱ በይው እንጂ» ይሉኛል። አልልም። በሕይወት ሳለ በቂ ሰው አንቱ ብሎታል። አንድ በጋ መጥረቢያ የያዙ ሰዎች አመጣና ደኑን አስጨፈጨፈው። ዝግባው ሲወድቅ እኛ ቤት ውስጥ ነበርን፤ መሬቱ ተንቀጥቅጦ ከመደርደሪያው ሽንጣም ድስታችን ወደቀ። ግንዱ ጣውላ ሆኖ በጭነት መኪና ሄደ፤ የቀረው ቅርንጫፍና ቁጥቋጦ ተቃጠለ፤ ጭሱ ብዙ ቀን ከሰፈሩ ስላልለቀቀ ወተቱ ሁሉ ጭስ ጭስ ይል ነበር። ጉሬዛዎቹ መጥረቢያ ወደማይደርስበት ገደል ሸሹ። ያ ገደል ብቻ ነው ከነዛፉ የተረፈው፤ አስታውሱት፣ በኋላ ያስፈልገናል። መስኩንም ከደኑ ጋር አብሮ አረሰው፣ ምንጯንም አጠራት፣ ገብስ ዘራ። የመጀመሪያው ዓመት ገብስ አማረ፤ ውሸት አልናገርም፣ በነፋስ ሲተኛና ሲነሳ ደስ ይል ነበር፤ ደስ ማለቱ ራሱ ያናድደኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ገብሱ ሊበስል ሲል እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሆዷ ገፍቷል። ወንዙ ሩቅ ስለነበር የአጥሩን እሾህ ገለጥ አድርጋ ምንጯ ዘንድ ገባች። እኔ ከኋላዋ ቅል ይዣለሁ። ግራዝማች በበቅሎ መጣ። «ማን ፈቀደልሽ?» አላት። እናቴም «ውሃው» አለችው። ሌላ አልተናገረችም፤ ለሷ በቂ መልስ ነበር። ከበቅሎው ሳይወርድ በአለንጋ መታት፣ ደገማት፤ በሆዷ ወደቀች። ቅሌ ተሰበረ። እኔ የጮህኩት ለቅሉ እንደሆነ ሰው ሁሉ ሲናገር እሰማ ነበር፤ የጮህኩት ለቅሉ አልነበረም። ሕፃኑ በሦስተኛው ቀን ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር። ስም ስላልወጣለት በቤታችን ያለ ስም ቀረ።

አባቴ ከግራዝማች ጋር የሥጋ ዝምድናም የመሬት ጥገኝነትም ነበረው። «ዘመዳችን ነው፣ ዝም በይ» አላት። ዝም አለች። አዴ ፋጡማ ግን ገንፎ ይዛ ስትጠይቃት ጀርባዋን አየች። ገንፎውን አስቀመጠች፣ ወደ ደጅ ወጣች፣ ከምንጩ ማዶ ቆማ «ኢያ ሲንቄ!» ብላ ጮኸች።

ሲንቄ የሴት ልጅ በትር ነው። የአርሲ ሴት ስታገባ እናቷ ቅቤ የጠጣ፣ በጭስ የጠቆረ፣ ቀጥ ያለ በትር ትሰጣታለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴት ስትበደል፣ ይልቁንም ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ስትመታ፣ ያን ጩኸት የሰማች ባለ ሲንቄ ሁሉ ያለችበትን ሥራ እንዳለ ጥላ ትወጣለች። የበደለው ሰው እርጥብ ሣር በሁለት እጁ ይዞ መጥቶ ይቅርታ እስኪጠይቅና ሰንጋ እስኪያርድ ድረስ ወደ ቤቷ አትመለስም። ወንድ ቢሆን፣ ሹም ቢሆን ሲንቄ አይሻገርም።

ከየአቅጣጫው መጡ። ያን ቀን የመንደሩ ወንዶች ሁሉ ልጅ አቅፈው፣ ጥጃ ጠፍቶባቸው፣ ድስት አሳርረው ዋሉ፤ አባቴ ያበሰለልንን ንፍሮ ውሻችን አሽትቶት መሄዱን አልረሳም። ሴቶቹ ከገብሱ ዳር ሲሰበሰቡ እናቴ ብቻ ባዶ እጇን ነበረች። ክርስቲያን ናት፣ የሸዋ ዘር ናት፣ ሲንቄ ያወረሰቻት እናት የላትም። አዴ ፋጡማ ከራሷ ሌላ ከሟች እናቷ የቀረ ሁለተኛ በትር ይዛ መጥታ ነበር። እሱን አስጨበጠቻት፤ «ያዢው፣ እህቴ» አለቻት በአማርኛ፤ ሌላው ወሬ ሁሉ በኦሮምኛ ነበር። ከዚያም በትሮቻቸውን ጫፍ ለጫፍ አገጣጥመው በእርሻው ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ አስተኟቸው።

ግራዝማች የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በበቅሎው መጥቶ አየና ሳቀ። «ይህ የነሱ ጨዋታ ነው፤ እሷ የኛ ሴት ናት፣ እኔም የኛ ሰው ነኝ፤ ምን አገባቸው?» አለ። በቅሎው ቆማ ጆሮዋን ጣለች፤ አልሻገር አለች፤ ከሱ የተሻለ አስተዋለች። በተረከዙ መታት፣ በትሮቹን ዘላ ተሻገረች።

አንዲትም ሴት አልጮኸችም። በትሮቻቸውን አንሥተው አቧራውን ጠረጉና ከወደቀው ዝግባ ጉቶ ዙሪያ ተቀምጠው ተመካከሩ፤ እርጥብ ሣር ይዞ በእግሩ እስኪመጣ ድረስ ባለ ሲንቄ ሚስት ያለው ወንድ በዚያ መሬት ላይ ማጭድ አያሳርፍም፣ በሬ አይጠምድም አሉ።

ገብሱ በሰለ። አጫጅ ግን ጠፋ። ደቦ ቢጠራ የመጣለት ውሻው ብቻ ነው። ከዲክሲስ በኩል በገንዘብ አጫጆች አስመጣ፤ ሳጉሬ ገበያ ላይ ውሃ የጠየቋት ሴት ለማን ሊያጭዱ እንደሆነ ጠይቃቸው ውሃውን መሬት ላይ ደፋችው፤ እነሱም እናት አላቸውና ነገሩን ሲሰሙ ከዚያው ተመለሱ። እኔ በየቀኑ ከብት ስጠብቅ ከእርሻው ራስጌ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ገብሱ ሲደርቅ፣ አንገቱን ሲደፋ፣ ሲረግፍ አያለሁ። ወፍ ከየሀገሩ መጣ። አንድ ከሰዓት በረዶ ወረደና የቀረውን አስተኛው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እንደዚያ ዓይነት ደስታ ከዚያ በኋላ በሠርጌ ቀንም አላገኘሁም፤ ባለቤቴም ነፍሱን ይማርና ይህን ያውቅ ነበር።

በኋላ ጊዜ ግራዝማች ሰንጋ ላከ። ሰንጋውን አንድ አሽከር እየነዳ አመጣው፤ ጌታው ራሱ አልመጣም። እናቴ ሰንጋውን ዙሪያውን አየችውና «ይህ ሰንጋ መቼ መታኝ?» አለች። ሴቶቹ መሬት ላይ እስኪቀመጡ ሳቁ፤ ሰንጋውም ወደ ኮረብታው ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ከአሰላ ትራክተር ተከራየ፤ ትራክተሩ ምንጯ ዳር ባለው ረግረግ እስከ ሆዱ ሰጥሞ ክረምቱን እዚያው ከረመ፤ ዝናብ ሲጥል ልጆች ከሥሩ እንጠለል ነበር። ከዚያ ተወው። አብዮት መጥቶ ሌላውን መሬቱን ሁሉ ወሰደበት፤ ይህን ግን ሴቶች ቀድመው ወስደውበታል። የገበሬ ማኅበሩም ያን መሬት ለማንም አላከፋፈለም፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር እናት ከበትሮቹ የአንዱ ባለቤት ነበሩ። ግራዝማች ወደ አሰላ ወርዶ እዚሁ ሞተ። ሣር አልያዘም።

መሬቱስ ምን ሆነ ካላችሁ፣ እኔ ያደግሁት እሱን እያየሁ ነው። በመጀመሪያው ክረምት የረገፈው ገብስ ራሱ በቀለ፤ በየመካከሉ አረሙ ወጣ፤ በመስከረም መጩ ቢጫ ሆኖ ሲያብብ ከኮረብታው ሰገነት ላይ እንደ ስድብ ይታይ ነበር። ጭጎጎት የሚያልፈውን ሁሉ ይይዝ ጀመር። ቀጥሎ ሰርዶ ከመስኩ ጠርዝ እየዳኸ መጥቶ ትልሙን በልቶ አስተካከለው፤ ማረሻ ያገላበጠው እስኪረሳ ድረስ። ከዚያ ሰንበሌጡ ሰው አከለ፤ በበጋ እንደ አንበሳ ቆዳ ይቀላል። ለቤት ክዳን ማጨድ ሴቶቹ ፈቀዱ፤ መሬቱን የሚገለብጥ ነገር ብቻ ነው የተከለከለው። ከሰንበሌጡ መሃል እንቧይ ብቅ አለ፣ እምቧጮ ተከተለው፣ ክትክታው በየቦታው ቆመ፣ ከዚያ ቀጋ። ቀጋውን ማንም አልተከለም። ከነዛፉ በተረፈው ገደል ያሉ ወፎች ፍሬ በልተው እየመጡ በክትክታው ላይ ያርፋሉ፤ ያረፉበት ቦታ ላይ የጣሉት ይበቅላል። እኛ ልጆች በአረም ውስጥ የገብስ ዘለላ ስንፈልግ የነበርን፣ ኮረዳ ሆነን በቀጋው ሥር ወሬ እናወራ ነበር።

እናቴ ሌላ ልጅ አልወለደችም። ከክረምት በኋላ እጄን ይዛ እየሄደች የበቀለውን ታያለች፤ እንደ ዘመድ ትጠይቀዋለች። አንድ ጊዜ በአንድ ትልቅ የቀጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ጎንበስ ብላ ስታይ ቆየችና «ነይ እይ» አለችኝ። ከእሾሁ መሃል፣ ፍየል አፏን ልታስገባ በማትችልበት ቦታ፣ ጣት የምታህል የወይራ ችግኝ ቆማለች። ሌሎቹን ወይራዎች ፍየል እየቀነጠሰች ጨርሳቸዋለች፤ ይህችን ግን ቀጋው ጠብቋታል። «እሱ የቆረጠውን ወፏ እየመለሰችው ነው» አለች እናቴ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ እንደዚህ ነው የመጣው፤ ከእሾህ ሥር ወይራ፣ ከወይራ ጥላ ጥድ፣ ምንጯ ዳር ኮሶ። እናቴ ስትሞት በትሯን ለኔ ሰጠችኝ። «ሣር ካልያዘ መሬቱን አትክፈቺ» አለችኝ። ያወረሰችኝ ይህን ነው። አልበዛብኝም፣ አላነሰኝምም።

የቀጠሮው ቀን በሚኒባስ ሳጉሬ ወረድኩ፣ ከዚያ በፈረስ ጋሪ። በትሩን ነጠላዬ ውስጥ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ለሐሊማ፣ ለአዴ ፋጡማ ልጅ፣ ለልጅነት ጓደኛዬ፣ አስቀድሜ ደውዬላት ስለነበር ከአጎቷ ሴት ልጆችና ከምራቶቿ ጋር ደርሳ ጠበቀችኝ። ያን ጊዜ በትር ያጋደሙት ሴቶች ሁሉ ሞተዋል። እኛ የነሱ ትራፊ ነን፤ አንዳችን ጉልበታችን፣ አንዳችን ዓይናችን የደከመ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ወጣት ነው፤ ሄኖክ በመኪናው መጥቷል፤ አንድ ከሌላ ክልል የተመደበ መሬት ለኪም መሣሪያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል።

ወደ ደኑ በሚያስገባው ቀጭን መንገድ ላይ በትሬን አጋደምኩት። ሐሊማ የሷን አገናኘች። ሌሎቹም። ለኪው ልጅ ምንም አያውቅምና አንድ እግሩን ሲያነሳ ሊቀ መንበሩ በቀበቶው ጎትቶ መለሰው። «ወንድሜ፣ ልታስፈጀን ነው እንዴ?» አለው።

«መስክሪ ብላችሁኛል» አልኳቸው፣ «ልመሰክር ነው።» ከዝግባው ጀምሬ እስከ ወይራዋ ድረስ ነገርኳቸው። አለንጋውንም፣ ሕፃኑንም፣ በቅሎዋንም አልተውኩ። «እርሻ ነበር ወይ? ነበር። የሁለት አዝመራ እርሻ ነበር፤ አንዱ ታጨደ፣ አንዱ አልታጨደም። ከዚያ በፊት ደን ነበር፣ ከዚያም በኋላ ደን ነው፤ በመካከሉ ያለው አለንጋ ነው። ከጻፋችሁ ሁሉንም ጻፉ።»

ሄኖክ ፊቱ ጠቁሮ «አላውቅም ነበር» አለ።

«አሁን አወቅህ።»

«ሰንጋ ልግዛ እማማ? ዛሬውኑ አስመጣለሁ።»

ሐሊማ ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀች። «አስካለ፣ ሰንጋው መቼ መታት?» አለችኝ። እናቶቻችን የሳቁበት ሳቅ ከጉቶው በኩል የተመለሰ መሰለኝ።

አሁን የምናገረውን ልጆቼ ባይወዱትም እጽፈዋለሁ። እንዲሻገር እየጸለይኩ ነበር። ደሙ የግራዝማች ነውና፣ ይህ የሴቶች ጨዋታ ነው ብሎ ያን ጥሩ ጫማውን አንሥቶ እንዲሻገር፣ እኔም ያን ጊዜ በዚያች ድንጋይ ላይ የጀመርኩትን ደስታ እንድጨርስ። ጉልበቴን እያመመኝ የመጣሁት ለዚህ ነው። እሱ ግን ዘወር ብሎ ወደ ምንጯ ወረደ። ጎንበስ ብሎ ሣር ነጨ፤ አላወቀበትም፣ ከነሥሩ ከነጭቃው ነቀለው። በሁለት እጁ ይዞ መጣና ከበትሮቹ ወዲያ ተንበረከከ። «በአያቴ ስም ይቅርታ አድርጉልን» አለ።

ሣር ለያዘ ሰው ፊት አይነሳም፤ ሕጉ ሕግ ነው፣ ለኔ ሲመች ብቻ ሕግ አይሆንም። ሴቶቹ ሁሉ ወደኔ አዩ። እናቴ እዚያ ብትሆን ምን እንደምትል አውቃለሁና ሣሩን ተቀበልኩት። «ስለ በትሩ ይቅር ብያለሁ» አልኩት። «ስለ ሕፃኑ ግን ይቅር የምትል እናቴ ነበረች፤ ሣሩ አልደረሰላትም። ያንን እኔ አልሰጥህም።»

ሊቀ መንበሩ «ታዲያ መሬቱ ተከፈተ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ሐሊማ በትሯን አንሥታ አቧራውን ጠረገች። «ለሱ እግር ተከፍቷል፤ ይምጣ፣ ከምንጯ ይጠጣ» አለች። «መጥረቢያው ግን መች ተንበረከከ?»

ሄኖክ ብዙ አልተከራከረም። ገብሱን ሌላ ቦታ እንደሚዘራ ለሊቀ መንበሩ ነገረው፤ ከምንጯም በእፍኙ ጠጣ። ሊሸኘኝ ቢለምነኝ በመጣሁበት ጋሪ እመለሳለሁ አልኩት። ይቅር ብያለሁ እንጂ መኪናው ውስጥ እገባለሁ አላልኩም።

ሲሄዱ ብቻዬን ገባሁ። የእናቴን ወይራ ለማግኘት አልተቸገርኩም። ሁለት እጄን ዘርግቼ አቀፍኳት፤ ጣቶቼ አልተገናኙም። ያ ስም ያልወጣለት ወንድሜ ቢኖር ኖሮ ዕድሜው ከሷ ትንሽ ይበልጣል፤ ጸጉሩ ሸብቶ፣ ምናልባት እንደ አባቴ ፈሪ፣ ምናልባት እንደ እናቴ እልኸኛ ሆኖ፣ በዓል ሲመጣ በግ የሚገዛልኝ፣ ለቅሶ ሲሆን ከጎኔ የሚቆም ሰው ይሆን ነበር። ዛፉ ሁሉ ተመልሷል፤ ጉሬዛም አይቻለሁ። ማገጥ የሚያብብበት መስክ ግን አልተመለሰም፣ ደኑ ዋጠው። ዝግባውም የለም፤ አንድ ትንሽ የዝግባ ችግኝ ከጉቶው አጠገብ አየሁ፣ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው እስኪዞሩት ድረስ ስንት ትውልድ እንደሚያልፍ እግዚአብሔር ይወቅ፤ ይዞሩት የነበሩት ልጆችም ከኔና ከሐሊማ በቀር የሉም። ያን ግንድ የማይሞላ ሁለት ሰው ቀርተናል። ኢያ ሲንቄ ቢባል በአንድ ጊዜ ሥራ ጥሎ የሚወጣ መንደርም የለም፤ እኛን ያመጣን ስልክ ነው።

ከወይራዋ ሥር ጎንበስ ብዬ ሳይ ያ የጠበቃት ቀጋ ደርቋል። ጥላው በዝቶበት፣ ፀሐይ አጥቶ፣ እሾሁ ብቻ ግራጫ ሆኖ ቆሟል። አልወደድኩትም። ሥራውን ጨርሷል የሚል ሰው ይኖራል፤ እኔ አልልም። ወደ ደኑ ዳር ስወጣ በሕይወት ያለ ቀጋ ፍሬው ቀልቶ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። አንዷን ቀምሼ ቀሪውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩ። ከዚያ ሄኖክ መኪናውን ባቆመበት ቦታ፣ ጎማው መሬቱን በጨፈለቀበት ሁሉ፣ ፍሬውን እየፈነከትኩ በበትሬ ጫፍ ጉድጓድ እየማስኩ ቀበርኩት። ባለ ጋሪው «እማማ፣ ምን ጠፋብዎት?» ብሎ ጮኸ።

«ምንም አልጠፋብኝም» አልኩት፤ «እየዘራሁ ነው።»